የስደተኛ ሠራተኞች የሙያ ሽግግር

ለጉልበት ወይም ለቤት ሥራ ከቀዬው የወጣ ሰው የተሻለ ክፍያና መብት ወዳለው ሥራ የሚያልፍበት ሂደት ነው። እንደ አዘና ካሉ የአማራ ክልል ትንንሽ ከተሞችና ከገጠሩ የሚወጡ ወጣቶች አንዱ መንገድ የመተማና የሁመራ ሰሊጥ አጨዳ፣ ሌላው የዓረብ አገራት ነው።

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አገደ፤ በዚያው ዓመት ሳዑዲ ዓረቢያ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ተጓዡ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ (በተለምዶ ሲኦሲ) እንዲይዝ ደነገገ። ወረቀቱ ግን የቤት ሠራተኛዋን የሚያስገባት ያው የቤት ሥራ ውስጥ ነው። ስደተኛን ከአሠሪው ጋር በሚያስረው የከፋላ ሥርዓት ሠራተኛዋ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራ መቀየር ስለሚከብዳት፣ ዓረብኛውን ብታቀላጥፍ፣ ወጥ ቤቱን ብታውቅበትም እዚያው ትቀራለች። ሳዑዲ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ደንቡን ስታላላ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም።

ስለዚህ ሽግግሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከተመለሱ በኋላ ነው። ተመላሿ በሥራ ላይ የለመደችውን ሙያ አስመዝና የምስክር ወረቀት ልታገኝ ትችላለች፤ ያለ መነሻ ገንዘብና መሥሪያ ቦታ ግን ወረቀቱ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።