ጓንግዡ የምንበላው የላንዡ ሾርባ

ለዕቃ ግዢ ጓንግዡ የሚመላለስ ነጋዴ ሐላል ሲፈልግ ከሚያገኛቸው ቤቶች አንዱ የላንዡ ኑድል ቤት ነው። ባለሙያው ሊጡን በእጁ እየሳበና እያጠፈ እንደ ክር ያቀጥነዋል፤ ቀቅሎ ትኩስ የበሬ መረቅ ያፈስበታል።

ላንዡ በቢጫ ወንዝ ዳር፣ በሐር መንገድ ላይ ያለች የቆየች የንግድ ከተማ ናት። ሾርባው ሁዪ የሚባሉት ሙስሊሞች ሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 ማ ባኦዚ የተባለ ሰው ጀመረው ይባላል። መለኪያው አምስት ነው፦ መረቁ የጠራ፣ ራዲሹ ነጭ፣ የበርበሬ ዘይቱ ቀይ፣ የድንብላል ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ኑድሉ ቢጫ።

ነገር ግን ወደ ባሕር ዳርቻ ከተሞች ያመጡት በአብዛኛው ላንዡዎች አይደሉም፤ የቺንግሃይ ክፍለ ሀገር የሁዋሎንግ ሰዎች ናቸው። አገራቸው ደጋ፣ ኑሯቸውም ድህነት ነበር። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ከዘመድ እየተበደሩ ቤት ከፈቱ፤ ወንድም ከወንድሙ ተምሮ የራሱን ከፈተ። ሰሌዳው ላይ የጻፉት ግን ገበያ የሚያውቀውን የላንዡን ስም ነው። ላንዡዎች በዚህ ቅር ቢሰኙም፣ ሾርባውን አገር ለአገር ያዳረሰው የሁዋሎንግ ሰው ላብ ነው።

ገንዘብ ከዘመድ፣ ሙያ ከቀደመ ሰው፤ እኛም የተነሳነው እንዲሁ ነው። እዚያ ስትቀመጡ የነጋዴ ቤት መሆኑን አስቡ።