መንትያ ቡናማ ድንኮችና የአወላለዳቸው ታሪክ

ከፕላኔት የከበደ፣ ከኮከብ የቀለለ የሰማይ አካል አለ፤ ስሙም ቡናማ ድንክ ይባላል። ክብደቱ ከጁፒተር 75 እጥፍ ገደማ ስለማያልፍ፣ እንደ ፀሐያችን ሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም እየለወጠ ለመኖር አይችልም፤ ከተወለደ በኋላ እየቀዘቀዘና እየደበዘዘ ይሄዳል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስለ አወላለዱ የተደረገውን ምርምር ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ እንወዳለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለ አካል ሊኖር እንደሚችል ሺቭ ኩማር የተባሉት ሊቅ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሒሳብ አስረዱ። ስሙን በ1975 ያወጡለት ጂል ታርተር ናቸው። መኖሩ በመነጽር ታይቶ የተረጋገጠው ግን በ1995 ነው። በዚያ ዓመት ይፋ ከሆኑት አንዱ፣ ግሊዝ 229 የሚባለውን ኮከብ የሚዞረው ግሊዝ 229 ቢ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ስለ አወላለዱ ሆነ። ኮከብ የሚወለደው የጋዝ ደመና በገዛ ስበቱ ሲሰበሰብ ነው። ታዲያ ይህ ድንክ ስለ ምን ሳያድግ ቀረ? በ2001 ቦ ራይፑርትና ካቲ ክላርክ አንድ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ቡናማ ድንክ ከወንድሞቹ ጋር ሲጋፋ፣ ጠግቦ ሳያድግ ከእናት ደመናው ተወርውሮ የወጣ ሕፃን ኮከብ ነው የሚል ነው።

ለዚህ ክርክር ምስክር ሆነው የቀረቡት መንትዮቹ፣ ማለት እርስ በርሳቸው የሚዞሩት ሁለት ሁለት ድንኮች ናቸው። ነገሩ ውርወራ ከሆነ፣ ተራርቀው በደካማ ስበት የተያያዙ መንትዮች መለያየት ነበረባቸው። በእርግጥም አብዛኞቹ ተጠጋግተው ተገኙ። ነገር ግን በ2004 ኬቪን ሉማን፣ መካከላቸው ያለው ርቀት ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን 240 ጊዜ የሚያህል ወጣት መንትዮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። በቀላሉ የሚበጠሰው ይህ ጥምረት ሳይፈርስ መገኘቱ፣ ቢያንስ አንዳንዶቹ ድንኮች እንደ ከዋክብት በጸጥታ መወለዳቸውን ያመለክታል።

ግሊዝ 229 ቢም ኮከቡን በሚስብበት መጠን ሲመዘን የጁፒተርን 70 እጥፍ ያህል ከበደ፤ ብርሃኑ ግን ለዚህ ክብደት እጅግ ደካማ ነበር። ሊቃውንቱ ይህን አለመስማማት አልናቁትም። በ2024 አንድ ይባል የነበረው፣ በ12 ቀን አንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት ድንኮች መሆናቸው ታወቀ፤ ክብደታቸውም የጁፒተር 38 እና 34 እጥፍ ያህል ነው። በአንድ ኮከብ ዙሪያ እንዲህ የተጠጋጉ መንትዮች እንዴት እንደ ተወለዱም አዲስ ጥያቄ ሆነ።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ሒሳባችን አልስማማ ባለን ጊዜ፣ ቁጥሩን በላጲስ ከማጥፋታችን በፊት ይህን የ29 ዓመት ታሪክ እናስታውስ።