የጥጥ መኪና

ግቢ እያለሁ ኮምፖዚት ሲባል የሚታየኝ ካርቦን ፋይበርና አውሮፕላን ብቻ ነበር። የአያቴ ቤት ሲመረግ ጭቃው እንዳይሰነጣጠቅ የሚጨመረው ጭድ ያው ሐሳብ መሆኑ የገባኝ ስለ ትራባንት ሳነብ ነው።

ምሥራቅ ጀርመን ለመኪና አካል የሚሆን ላሜራ አጥሯት ነበር። የትስቪካው ፋብሪካ ታዲያ ከሶቭየት ኅብረት የሚመጣ የጥጥ ተረፈ ምርት በፌኖል ሙጫ እየነከረ፣ በሙቀትና በግፊት እየጨመቀ አካሉን አወጣው። ሙጫው ለብቻው ተሰባሪ ነው፤ ጥጡ ለብቻው ልስልስ ነው። ሲዋሐዱ ግን የጥጡ ክር ሸክሙን ይጋራል፣ ስንጥቁንም ያግታል። እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1991 ከ3 ሚሊዮን በላይ ትራባንቶች ተመረቱ። ሰው ቢቀልድባትም ይህ አካሏ ዝገት አያውቅም።

ጣጣው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ ሙጫ አንዴ ከጠነከረ ተመልሶ አይቀልጥም። ጀርመን ስትዋሐድ ሰዉ ትራባንቱን እየጣለ ሌላ መኪና ገዛ። ብረቱ ቀልጦ ሌላ ዕቃ መሆን ይችላል፤ የጥጡ አካል ግን የት ይግባ?

የአያቴ ግድግዳ ሲፈርስ ተመልሶ አፈር ይሆናል። ዛሬ «ከዕፅዋት የተሠራ» የሚል ዕቃ ሳይ ቀድሜ የምጠይቀው ስለ ክሩ አይደለም፤ ስለ ሙጫው ነው።