ማሽኑ ከመወቀሱ በፊት፦ የዲሽዋሸር ታሪክና የመጠገን መብት

ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ወይም በተለምዶ አጠራሩ ዲሽዋሸር ሲያስቸግር ፍርዱ ፈጣን ነው። ብርጭቆው ነጭ ጉም ለብሶ ከወጣ፣ ሳህኑ ላይ የወጥ ቅሪት ከታየ፣ እጥበቱ ሦስት ሰዓት ከፈጀ "ማሽኑ አልቆለታል" ይባላል። ከዚያ ወይ ጠጋኝ ይጠራል፣ ወይ አዲስ ይገዛል። የማሽኑ ታሪክ ሲገለጥ ግን ሌላ ነገር ይታያል። ብዙ ጊዜ ከብልሽቱ ጀርባ የሚገኙት ውኃው፣ ሳሙናውና አንዳንዴም ከሩቅ የሕግ አውጪዎች ጠረጴዛ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ናቸው። ይህን ታሪክ የማያውቅ ሰው ጤነኛ ማሽን አውጥቶ ይጥላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ከጓሮ መጋዘን የወጣው ሐሳብ

በ1850 ጆኤል ሃውተን የተባለ አሜሪካዊ በእጅ የሚዞር የእንጨት ማሽን ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ማሽኑ ዕቃው ላይ ውኃ ከመርጨት ያለፈ ፋይዳ አልነበረውም። ነገሩን የለወጠችው በኢሊኖይ ግዛት በሼልቢቪል ከተማ ትኖር የነበረችው ጆሴፊን ኮክሬን ናት።

ኮክሬን ድግስ የምትወድ ወይዘሮ ነበረች። ሠራተኞቿ ውድ የሸክላ ዕቃዎቿን እያጠቡ ጠርዛቸውን ይሸርፉባት ስለነበር ዕቃ የማይሰብር ማጠቢያ ተመኘች። በ1883 ባሏ ሲሞት የተረፋት ዕዳ ነበር። ያን ጊዜ የቅንጦት ምኞት የነበረው ሐሳብ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ። ሳህኖቿንና ስኒዎቿን ለክታ ለየመጠናቸው የሽቦ ማስቀመጫ አዘጋጀች። ማስቀመጫዎቹን በመዳብ ገንዳ ውስጥ በሚዞር መንኮራኩር ላይ ገጠመቻቸው፤ ከሥር ደግሞ ሙቅ የሳሙና ውኃ በግፊት እንዲረጭ አደረገች። ጆርጅ በተርስ የተባለ መካኒክ ከቤቷ ጓሮ ባለው መጋዘን ውስጥ አብሯት ሠራ። የፈጠራ መብቷም ዲሴምበር 28 ቀን 1886 ጸደቀላት።

የኮክሬን ብልሃት ብሩሹን ትቶ የውኃ ግፊትን መጠቀሙ ነው። የዛሬው ማሽንም በኤሌክትሮኒክስ ቢሞላም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ዕቃው አይፈተግም፤ በሦስት ነገሮች ኃይል ይጠራል፦ በግፊት፣ በሙቀትና በሳሙና። ዕቃው ቆሽሾ ሲወጣ ከሦስቱ አንዱ ጎድሏል ማለት ነው። ማንኛውም ጥሩ ጠጋኝ ምርመራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

🔹 ሆቴል ገዛው፣ ቤት ግን አልገዛውም

ኮክሬን የመጀመሪያ ገበያዋን ያገኘችው በቺካጎ ትላልቅ ሆቴሎች ነው። በ1893 በዚያችው ከተማ በተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ማሽኖቿ የምግብ ቤቶችን ዕቃ አጠቡ፤ ሽልማትም አገኙ። ከተሸለሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ጥንካሬያቸው ነበር።

የቤት እመቤቶች ግን አልገዙም። ዋጋው አንድ ነገር ነው። ከዋጋው በላይ ያስቸገረው በዚያ ዘመን ብዙ ቤት በቂ ሙቅ ውኃ የሌለው መሆኑ ነበር። የብዙ አካባቢ ውኃ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚበዛበት ከሳሙና ጋር አይስማማም ነበር። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ቤቱ አልተዘጋጀለትም። ኮክሬን በ1913 ስትሞት ማሽኗ ገና የሆቴልና የተቋም ዕቃ ነበር። ድርጅቷን በ1926 ሆባርት የተባለው ኩባንያ ገዛው፤ በኪችንኤድ ስም የቤት ዲሽዋሸር የወጣው በ1949 ነው። በአውሮፓ ደግሞ የጀርመኑ ሚሌ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዲሽዋሸር ያቀረበው በ1929 ነበር።

የዚያ ዘመን ችግር ዛሬም አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ወይም ግፊቱ ደካማ በሆነበት ቤት ማሽኑ በቂ ውኃ ሳይስብ ይቆምና የስህተት ምልክት ያሳያል። ባለቤቱ ማሽኑን ይጠረጥራል። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን ቧንቧው ሙሉ በሙሉ መከፈቱ፣ ጎማው አለመታጠፉና ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችው ትንሽ ወንፊት በአሸዋና በዝገት አለመደፈኗ ነው።

በውስጥ በኩልም ግፊትን የሚገድሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው ከገንዳው ሥር ያለው ማጣሪያ ነው፤ ሩዝ፣ የሎሚ ፍሬና የብርጭቆ ስባሪ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ሁለተኛው ውኃ የሚረጩት ክንፎች ናቸው፤ ቀዳዳዎቻቸው ሲደፈኑ ውኃው ላይኛው መደርደሪያ አይደርስም። በአብዛኞቹ ማሽኖች ሁለቱም ያለ መፍቻ በእጅ ይወጣሉ። ሶኬት ነቅሎ፣ ማጣሪያውን በለብ ያለ ውኃና በለስላሳ ብሩሽ አጥቦ፣ ቀዳዳዎቹን በስንጥር መጥረግ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

🔹 ሳሙናው ሲቀየር ማሽኑ ተከሰሰ

በታሪኩ ውስጥ ትልቁ የፍርድ ስህተት የተፈጸመው በ2010 አሜሪካ ውስጥ ነው። የዲሽዋሸር ሳሙና ለአሥርት ዓመታት ጉልበቱን ያገኝ የነበረው ከፎስፌት ነው። ፎስፌት ካልሲየምን ይይዛል፣ ቅባት ይበትናል፣ ብርጭቆውን ያበራል። ችግሩ ከቤት ከወጣ በኋላ ይጀምራል። ወንዝና ሐይቅ ሲገባ ለውኃ አረም ማዳበሪያ ይሆናል። አረሙ ሲሞትና ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ያልቃል። የጣናን እምቦጭ ያየ ኢትዮጵያዊ ውኃ ከሚገባው በላይ ሲመገብ ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያስፈልገውም።

በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የስፖኬን አውራጃ በ2008 ፎስፌት ያለበትን የዲሽዋሸር ሳሙና አገደ። አንዳንድ ነዋሪዎች ድንበር ተሻግረው ከአይዳሆ የድሮውን ሳሙና እየገዙ ያስገቡ ጀመር። በጁላይ 2010 ዕገዳው በ16 ግዛቶች ሲጸና ፋብሪካዎቹ ለአገሩ ሁሉ የሚሸጡትን ሳሙና ቀየሩ። ብዙ ደንበኛ ግን ይህን አላወቀም። አንድ ጠዋት ብርጭቆው ነጭ ሆኖ ወጣ፤ ጠጋኝ ተጠራ፣ ማሽን ተቀየረ። አዲሱም ማሽን ያንኑ ነጭ ብርጭቆ አወጣ። የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 ተመሳሳይ ገደብ ጥሏል።

ዕገዳው ትክክል ነበር። ጉድለቱ ሕጉ የቤቱን አሠራር ሲቀይር ለቤቱ ባለቤት በአግባቡ ያልተነገረው መሆኑ ነው። አዲሱ ሳሙና በኢንዛይም ይሠራል፤ ኢንዛይም ደግሞ ስታርችና ፕሮቲን እየበላ ነው የሚያጸዳው። ስለዚህ ሳህንን ቀድሞ በውኃ ማለቅለቅ አያስፈልግም፤ ትርፍራፊውን መጥረግ ይበቃል። የውኃውን ድፍርስነት የሚለካ መሣሪያ ያላቸው ማሽኖች ቀድሞ የታጠበ ዕቃ ሲገባላቸው "ንጹሕ ነው" ብለው እጥበቱን ሊያሳጥሩ ይችላሉ።

ነጩን ጉም የሚያመጣው ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ያው ማዕድን ነው። በርካታ የአውሮፓ ማሽኖች ውኃውን የሚያለዝብ ክፍል ስላላቸው ጨው ይፈልጋሉ። ጨው ሲባል ግን ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠው ንጹሕና ደረቅ ያለ ጨው ነው፤ ደቃቁ የገበታ ጨው በውስጡ ባሉ ተጨማሪ ነገሮች ክፍሉን ይጎዳል። አቼቶ አልፎ አልፎ ይረዳል፤ ሲደጋገም ግን ጎማዎቹን ሊበላ ስለሚችል የማሽኑን መመሪያ ማየት ይቀድማል።

🔹 ሦስት ሰዓት የፈጀው እጥበት ፖለቲካ ነው

ሌላው የተለመደ አቤቱታ ጊዜ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ2013 ጀምሮ መደበኛ መጠን ያለው ዲሽዋሸር በአንድ እጥበት ከ5 ጋሎን ወይም ከ19 ሊትር ገደማ በላይ ውኃ እንዳይጠቀም ደንግጓል። ውኃና ኤሌክትሪክ ሲቀነስ ጉድለቱን የሚሞላው ጊዜ ነው። ለብ ያለ ጥቂት ውኃ ረጅም ሰዓት ይዞራል። ብዙዎች ብልሽት የሚሉት ነገር እንግዲህ የንድፉ አካል ነው።

ይህም ወደ ምርጫ መድረክ ወጣ። ዶናልድ ትራምፕ በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ስለ ዲሽዋሸር በአደባባይ አማረሩ። በ2020 የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጥበው ለሚጨርሱ ማሽኖች የተለየ ምድብ ፈጠረ። የባይደን አስተዳደር በ2022 ሰረዘው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስረዛውን ነቀፈ። የአገር ፖለቲካ ሳህን እጥበት ውስጥ ገባ ማለት ይህ ነው።

🔹 የራስን ዕቃ የመክፈት መብት

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያከራክረው ግን ማሽኑ በእውነት ሲበላሽ የሚሆነው ነው። ፓምፕ ይቃጠላል፤ የበር ጎማ ይደርቃል፤ ማሞቂያ ይሞታል። መለዋወጫው ከሌለ ወይም የማሽኑን ግማሽ ዋጋ ካስከፈለ ባለቤቱ የገዛው ዕቃ የእርሱ አይደለም፤ ፋብሪካው እስከፈቀደለት ቀን ድረስ የተከራየው ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። ከማርች 2021 ጀምሮ የዲሽዋሸር አምራቾች እንደ ፓምፕና ሞተር ያሉትን መለዋወጫዎች ለባለሙያ ጠጋኞች ቢያንስ ለ7 ዓመት፣ እንደ በር ጎማ፣ የውኃ ክንፍና ማጣሪያ ያሉትን ደግሞ ለማንኛውም ተጠቃሚ ለ10 ዓመት እንዲያቀርቡ ግድ ሆኗል። በ2024 የጸደቀው የጥገና መብት መመሪያ፣ አባል አገራት እስከ ጁላይ 31 ቀን 2026 ሥራ ላይ እንዲያውሉት የተባለው፣ አምራቹ ከዋስትና ጊዜ በኋላም በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲጠግን ያስገድዳል። ካሊፎርኒያም ከጁላይ 2024 ጀምሮ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጡ ዕቃዎች መለዋወጫና የጥገና መረጃ ለ7 ዓመት እንዲቀርብ የሚያዝ ሕግ አላት።

አውሮፓ በሕግ የደረሰበትን የመርካቶ ምን አለሽ ተራ በልማድ ያውቀዋል፤ እዚያ የሞተ ዕቃ የሚባል ነገር የለም። ግን የእጅ ብልሃት ብቻውን የዛሬውን ማሽን አያድነውም። ሰርኪዩቱ ታሽጎ፣ የስህተት ኮዱ ተደብቆ፣ መለዋወጫው አገር ውስጥ ሳይገባ የሚሸጥ ማሽን የተካነውን ጠጋኝ እጁን አስሮ ያስቀምጠዋል። በአዲስ አበባ ሆቴሎችና አዳዲስ አፓርታማዎች የሚገቡ ማሽኖች ባለቤቶች ከዋጋው በፊት ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ፓምፑና የበር ጎማው እዚህ ይገኛል? መመሪያውስ ለጠጋኝ ይሰጣል? የውጭ ዕቃ ወደ አገር ለማስገባት ደንብ የሚያወጡ ባለሥልጣናትም ይህንኑ ጥያቄ ለአስመጪዎች የማያቀርቡበት ምክንያት የለም።

በውጭ የሚኖረው ወገን ደግሞ የራሱ ልማድ አለው። በብዙ ሐበሻ ቤት ዲሽዋሸሩ የታጠበ ዕቃ ማጠንፈፊያ ሆኖ ለዓመታት ይቀመጣል። ሳይሠራ የሚቆም ማሽን ግን ጎማው ይደርቃል፣ ፓምፑ ሊጣበቅ ይችላል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ባዶውንም ቢሆን በሙቅ ውኃ ማስነሳት ይጠብቀዋል።

ጆሴፊን ኮክሬን ማሽኗን የሠራችው በመፍቻ የሚፈታ፣ መካኒክ አይቶ የሚረዳው አድርጋ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ቴክኖሎጂ ዕቃውን በተሻለ ያጥባል። ባለቤቱ ከፍቶ የማያየው፣ ጠጋኙ መለዋወጫ የማያገኝለት ከሆነ ግን በመጀመሪያው ብልሽት ቆሻሻ ላይ ይጣላል፤ ኪሳራውንም የሚሸከመው ደንበኛው ነው።