ልብና ወቅፍ

እስቲ በሐሳብ ከግምጃ ቤት እንነሳ። አንድ ልጅ አቀበት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት ጋደም ማለት አቅቶት ቁጭ ብሎ ያነጋል። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «የልብ በር ሕመም ነው» ይላል። ዋናው የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከል ያለው አባይን ተሻግሮ፣ ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ደግሞም አዲስ አበባ የሚኖር የቀን ሠራተኛ እጁ ባዶ ከሆነ ርቀቱ ከዚህኛው አያንስም።

ይህን ጥያቄ የዛሬ ብቻ አድርገን እንዳናየው። ሱልጣን ቀላውን ወደ ሻም በዘመተ ጊዜ ታሞ፣ ደማስቆ ከሚገኘው የኑረዲን ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ዳነ፤ ያኔም ተመሳሳይ ሆስፒታል ሊሠራ ተሳለ። ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ683 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1284) የመንሱሪ ቢማሪስታን በካይሮ ቆመ። በወቅፍ ሰነዱ መሠረት ወንድ ሴት፣ ሀብታም ድሃ፣ አገሬ እንግዳ ሳይባል ሁሉም በነፃ ይታከምበታል። ወጪው የሚሸፈነው ለዚሁ በወቅፍ ከተያዘ ንብረት ገቢ ነበር።

የልብ ነገር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ኢብኑ አን-ነፊስ እ.ኤ.አ. በ1242 ገደማ በጻፈው ማብራሪያ፣ ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚሻገረው ጋሌኖስ እንዳለው በግድግዳው ቀዳዳ ሳይሆን በሳንባ በኩል ዞሮ ነው አለ። ጽሑፉ ለዘመናት ተረስቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1924 ግብፃዊው ሐኪም ሙህይዲን አት-ተጣዊ በርሊን ውስጥ አገኘው። እኔን ከግኝቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ኑዛዜው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1288 ሲሞት ቤቱንና መጻሕፍቱን ለመንሱሪ ሆስፒታል ተወ።

በአገራችን ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ማኅበርን መሠረቱ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆች ለቀዶ ሕክምና ወደ ውጭ ይላኩ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ፤ ግብፃዊው የልብ ቀዶ ሐኪም መግዲ ያዕቆብ ያቋቋሙት የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት አገዘ፤ የአገሬው ሰውም ብር በብር አዋጣ። ሕፃናት በነፃ ይታከማሉ። ተራ ጠባቂው ግን በሺዎች ይቆጠራል። መዋጮ ሕንፃ ያቆማል፤ ቀዶ ሕክምና በተደረገ ቁጥር ግን ከውጭ ተገዝቶ አንዴ አገልግሎ የሚጣል ዕቃ አለ። ወር በገባ ቁጥር ኪራይ የሚያስገባ ወቅፍ ትርጉሙ የሚገባን ያኔ ነው።

ከዚህ ሕመም ብዙው የሚጀምረው በጉሮሮ ነው። ያልታከመ የቶንሲል ሕመም ቁርጥማት ያስከትላል፤ ቁርጥማቱም የልብን በር ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት፣ ጅማ ላይ ሕመም ካልተሰማቸው ተማሪዎች ከሺው 30 ያህሉ የዚህ ጉዳት ምልክት ተገኝቶባቸዋል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም። ጉሮሮው ለታመመ ልጅ ፔኒሲሊን በጊዜው ከተሰጠ ይከላከለዋል፤ ልቡ አንዴ የተነካበት ልጅም በየ4 ሳምንቱ አንድ መርፌ ሳያቋርጥ ለዓመታት መወጋት አለበት። ለዚህ አባይን መሻገር አያስፈልግም፤ መርፌው በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ነው።