በር የሌላቸው ግድቦች፤ የማያሚ ሸለቆ የጐርፍ መከላከያ ታሪክ

በ1913 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመጋቢት ወር የኦሃዮ ግዛት ከተማ የሆነችው ዴይተን በጐርፍ ተዋጠች። የማያሚ ወንዝ የዐፈር መከላከያውን ጥሶ ወደ ከተማዋ ገባ፤ ሕዝቡም ጣሪያ ላይ ወጥቶ እርዳታ ጠበቀ። በሸለቆው ውስጥ ከ360 ሰው በላይ ሞተ። ውሃው እንደ ጐደለ የዴይተን ነዋሪዎች ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተው አርተር ሞርጋን የተባለውን ኢንጂኒየር ቀጠሩ።

ሞርጋን ያቀረበው ዐሳብ ለብዙዎች እንግዳ ነበር። ከከተሞቹ በላይ፥ በማያሚ ወንዝና በገባሮቹ ላይ አምስት የዐፈር ግድቦች እንዲሠሩ፥ ነገር ግን አንዳቸውም ውሃ እንዳያጠራቅሙ ጠየቀ። በእያንዳንዱ ግድብ ሥር ምንጊዜም የማይዘጋ የኮንክሪት መተላለፊያ አለ። በበጋ ወንዙ ግድብ የሌለ ያህል ያልፋል። ዝናም ሲበረታ ግን መተላለፊያው የሚያሳልፈው ውሃ በታች ያለው የወንዝ መንገድ ከሚችለው አይበልጥም፤ ትርፉ ከግድቡ ኋላ ይተኛና በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚከፍትና የሚዘጋ ዘበኛ ስለሌለ በሌሊት እንቅልፍ የሚወስደው፥ ወይም ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው የለም። ከአምስቱ በርዝመት አጭሩ በትዊን ክሪክ ላይ የተሠራው የጀርማንታውን ግድብ ነው። ዐሳቡ ፈጽሞ አዲስ ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ በፈረንሳይ አገር በሎዋር ወንዝ ላይ በ1711 የተሠራው የፒኔ ግድብም ጐርፉን በጠባብ መተላለፊያ ይገታ ነበር።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የምሕንድስና ታሪክ ሆኖ ነው። በእኛ አስተያየት ግን ከምሕንድስናው ይልቅ ሙግቱ ይከብዳል። ከግድቦቹ በላይ ያሉት ገበሬዎች፥ ለዴይተን ደኅንነት ሲባል የእኛ መሬት ለምን ውሃ ይተኛበታል? ብለው ተቃወሙ። ጥያቄያቸው ከንቱ አልነበረም፤ ጐርፉ ወደ ታች እንጂ ወደ እነርሱ አይወርድምና። የ1914 የኦሃዮ ሕግ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚመራ ድርጅት እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ድርጅቱም ከብዙ ክርክር በኋላ በ1915 በፍርድ ቤት ውሳኔ ተመሠረተ። ወጪውን የከፈሉት ከጐርፍ የዳነው ንብረት ባለቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱም ባገኘው ጥቅም መጠን ተገመተበት። የፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ አልገባበትም። የጐርፍ መተኛ ከሆነው መሬት ብዙው ተገዝቶ፥ ውሃ ሊተኛበት እንደሚችል በውል ተጽፎ ለገበሬዎች ተመልሶ ተሸጠ። ጐርፉ የሚበዛው አዝመራ ከመዘራቱ በፊት ስለሆነ ዛሬም ይታረሳል።

ሥራው በ1918 ተጀምሮ በ1922 አለቀ። ግድቦቹ የተለኩት የ1913ቱን ጐርፍ ከነተጨማሪ 40 በመቶው እንዲችሉ ነው። በጥር 1959 በኦሃዮ ታላቅ ጐርፍ ደርሶ ሌሎች ከተሞችን ሲጐዳ ዴይተን ዳነች። እስካሁን ግድቦቹ ከ2,000 ጊዜ በላይ ጐርፍ አቁረዋል።

ሞርጋን የፈራው ውሃውን ብቻ አልነበረም፤ ባዶ ግድብ ለሰው ዐይን ብክነት ይመስላልና ኋላ የመጡ ሰዎች ለኤሌክትሪክ ኃይል ይሙሉት እንዳይሉ ሠጋ። የሞላ ግድብ ደግሞ ለጐርፍ ቦታ የለውም። ስለዚህ ግድቦቹ ለጐርፍ መከላከያ ብቻ እንደ ሆኑ፥ ለኃይል ወይም ለማጠራቀሚያ ቢውሉ በታች ላሉት ከተሞች አደጋ እንደሚሆኑ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ በየግድቡ ላይ ተተከለ።

ከሁሉ ይልቅ ዋጋ የከፈለችው ግን ኦስቦርን የተባለችው መንደር ናት። ከሐፍማን ግድብ ኋላ ስለ ነበረች፥ ቤቶቿ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከመሠረታቸው ተነሥተው በፌርፊልድ መንደር አጠገብ ተተከሉ። በ1950 ሁለቱ ተዋሕደው ፌርቦርን ተባሉ፤ ከአሮጌው ስም የቀረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው።