የባዶ ሳጥኖች ታሪክ

ቅዳሜ ነው፤ የጂንካ ገበያ ቆሟል። አሪው ከደጋው ወርዷል፣ በናውና ሐመሩ ከቆላው ወጥቷል። ማሩ፣ ማሽላው፣ ቅሉና ጀሪካኑ ተደባልቋል። እኛ ግን የቆምነው ከገበያው ዳር፣ ቻርጀርና ባትሪ ከተንጠለጠለበት አንድ ሱቅ ደጃፍ ነው። ባለ ሰባት ኢንች ታብሌት ልንገዛ። (ለሦስት አዋጥተን! አትሳቁብን።)

ካርቶኑ ላይ "256 ጊጋባይት" ተጽፏል። እኛም ለራሳችን ብልጥ ነንና አብርተን ሴቲንግ ውስጥ ገባን። እዚያም 256 ይላል። "አያችሁ?" አለን ባለሱቁ። አየን፣ ከፈልን፣ ሄድን። ማታ መጽሐፍና ፊልም ስንጭንበት የመጀመሪያዎቹ ፋይሎች ደህና ሆኑ፤ የኋለኞቹ ግን አንድ በአንድ አንከፈትም አሉ። ሰኞ ጠዋት ሞባይል ጥገና ቤት ወሰድነው። ግድግዳው ላይ "ሶፍትዌር እንጭናለን" የሚል ወረቀት የለጠፈው ልጅ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው፣ መረመረው፣ ከዚያም ሳቀ። "16 ጊጋ ናት። ሶፍትዌሩ እንዲዋሽ ተደርጓል" አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈርምዌር የሚባለው መሣሪያው ገና ሲበራ የሚነሳው፣ ስክሪኑን፣ ባትሪውንና ካሜራውን አንድ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ነው። በፋብሪካ ተጭኖ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው ሰው ግን እንደፈለገው ይለውጠዋል። የእኛን ታብሌት ከእኛ በፊት አንድ ሰው ከፍቶ 16ን 256 ብላ እንድትናገር አስተምሯታል ማለት ነው።

ልጁ ክዳኑን ፈልቅቆ የቦርዱን ቁጥር አነበበ። ለዚያ ቦርድ የሚሆን ንጹህ ፈርምዌር ፈለገ። የድምፅ ቁልፉን ተጭኖ ገመዱን ሰካና መጫን ጀመረ። የሌላ ቦርድ ፈርምዌር ከገባባት ላትነሳ ትችላለችና ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። በመካከሉ እንዲህ አለን፦ "ድሮ እኮ ሰው ስልኩን የሚያስከፍተው ሳጥኑን አጥፉልኝ ብሎ ነበር።"

ሳጥኑ! በ2010ሮቹ መጀመሪያ አንድሮይድ የያዘ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ጓደኛህ በአማርኛ ይጽፍልሃል፤ አንተ ጋ የሚደርሰው የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው። ያቺ ሳጥን ታሪክ አላት፤ ዛሬ እሷን እናውጋ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማሽኑ ሲመጣ ፊደሉ አልነበረም

ታይፕራይተር የተሠራው 26 ፊደል ላለው ሕዝብ ነው። ቁልፎቹ ከ40 ብዙም አይዘሉም። የእኛ ደግሞ 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ኢንጂነር አያና ብሩ ይህን እንቆቅልሽ የፈቱት ፊደሉን ሰባብረው ነው። ግንዱን ለብቻ፣ የቤቱን ምልክት ለብቻ አድርገው በጥቂት ቁልፎች እንዲገጣጠም አደረጉ። በኋላ የኦሊቬቲ የአማርኛ ታይፕራይተር በየመሥሪያ ቤቱ ሲንኳኳ ኖረ።

መፍትሔው ዋጋ አስከፍሏል። ተገጣጥሞ የሚወጣው ፊደል የብራና ጸሐፊው የሚጽፈው ዓይነት አልነበረም። ይባስ ብሎ "ፊደሉ ለማሽን አይመችምና ይቀነስ" የሚል ክርክር ተነሳ። ማሽኑ ለእኛ ካልተመቸ እኛ ለማሽኑ እንመቸው እንደማለት ነው። ይህን ሐሳብ ልብ በሉት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ፤ እሱም ያለ ፊደላችን። በ1980ዎቹ አሜሪካ የነበሩት አቶ ፍስሐ አጥላው ዳሸን በተባለው ድርጅታቸው በኩል ግዕዝን ኮምፒውተር ላይ ከጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ። ዶክተር አበራ ሞላም በራሳቸው መንገድ ለፉ። በ1990ዎቹ ፕሮግራሙ በዛ፤ ችግሩ ግን እያንዳንዱ ለ"ሀ" የየራሱን ቁጥር መስጠቱ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ቅራቅንቦ ይሆናል። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አልነበብ ብሎት ያልተናደደ ካለ እጁን ያውጣ።

በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ "ሀ" በዓለም ላይ አንድ ቁጥር አላት። ቁጥር ግን መልክ አይደለም። ስልኩ ቁጥሩን አውቆ የፊደሉን ሥዕል ማለትም ፎንቱን ካጣ ባዶ ሳጥን ይስላል። በ2008 ገበያ የወጣው አንድሮይድም ለዓመታት ያደረገብን ይህንኑ ነው።

ሳጥኑን የሰበሩት

አንድሮይድ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ የመሠረታዊ ክፍሉ ኮድ ክፍት ነው። ነገር ግን ፎንት የሚቀመጠው በተቆለፈው የሲስተም ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ስልኩን "ሩት" ማድረግ፣ ማለትም የባለቤትነቱን ቁልፍ ከፋብሪካው መቀማት ያስፈልጋል። ከዚያ እንደ አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት ወደ ሲስተሙ ይገለበጣል፣ ፈቃዱ ይስተካከላል፣ ስልኩ ጠፍቶ ይነሳል። ሲነሳ ሳጥኑ "ሰላም" ሆኖ ይጠብቃል! ዋስትናው ይጠፋል፤ (ዋስትና የነበረው ካለ ማለታችን ነው።) በየሰፈሩ ያሉ ልጆች እናቶቻችንና አባቶቻችን መልእክት በቋንቋቸው እንዲያነቡ ያስቻሉት በዚህ መንገድ ነበር። ታሪካቸውን ማንም አልጻፈላቸውም።

በኋላ አንድሮይድ ራሱ የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣት ጀመረ፤ በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ኖቶ የተባለውን ይዟል። ሳጥኑ ጠፋ። እኛም እፎይ ብለን ረሳነው።

የወንጪ ልጆች

በ2012 መጀመሪያ ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው የአሜሪካኖች ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልነበራቸው መንደሮች 40 ያህል ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች አስቀመጠ። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው፤ አስተማሪም መመሪያም የለም። ቻርጅ የሚደረገው በፀሐይ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ እየመጣ የሚሞሪ ካርዱን ይቀይራል።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት ውጤቱን ተናገሩ። አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን በአማካይ 47 አፕ ይከፍት ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ ልጆቹ አንድሮይዱን ሰበሩት። ድርጅቱ የስክሪኑ ገጽታ እንዳይቀየር ቆልፎት ነበር፤ ልጆቹ አልፈውት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መልክ ሰጡት። ካሜራው በስህተት ተዘግቶ ነበር፤ እሱንም ከፈቱት።

ዓለም ተደነቀ። እኛ ግን አንድ ጥያቄ አለን። ታብሌቱ የተሰናዳው እንግሊዝኛ ማንበብ እንዲያስተምር ነበር፤ ወንጪ ቤት ውስጥ የሚነገረው ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ልጆቹ ማሽኑን ወደ ራሳቸው ለማምጣት በአምስት ወር ይህን ያህል ከሄዱ፣ ማሽኑ ወደ እነሱ ስንት እርምጃ መጣ?

የማን ሳጥን ጠፋ?

ወደ ጂንካ እንመለስ። ጭነቱ 100 ሞላ፣ ታብሌቷ ተነሳች፣ 16 ጊጋ መሆኗንም አመነች። ልጁ የቋንቋውን ዝርዝር ወደ ታች እየገፋ ሄዶ "አማርኛ" የሚለውን መረጠልን። "አንተስ ስልክህን በምን ትጠቀማለህ?" አልነው። "በእንግሊዝኛ" አለ። "አሪኛ የለማ።"

አፈርን። ደቡብ ኦሞ የ16 ብሔረሰቦች አገር ይባላል። አሪው፣ ሐመሩ፣ ማሌው፣ ዳሰነቹ፣ ኛንጋቶሙ፣ ሙርሲው የየራሱ ቋንቋ አለው። በ2008 የሙርሲ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል፤ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሙርሲው ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ ነው። ዩኒኮድም በ2005 ለመኤን፣ በ2010 ደግሞ ለጎረቤት ባስኬቶና ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላትን መዝግቧል። ፎንቱ ካልያዛቸው ግን እነሱም ሳጥን ናቸው። በእኛ ላይ በ1999 የተፈታው ችግር በእነሱ ላይ ቆየ ማለት ነው። ጂንካ ላይ "ማሽኑ አይመችህምና አንተ ተመቸው" የሚለው እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ የእኛው አማርኛም ነው። ሳጥናችን ሲጠፋ ከሰልፉ ወጣን፤ ከኋላችን ማን እንደቆመ ዞር ብለን አላየንም።

ሥራው ተአምር አይጠይቅም። የአንድሮይድ የሜኑ ቃላት ከኮዱ ተለይተው በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣሉ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይተረጉማቸዋል፣ ኮዱን የሚያውቅ ያስገባቸዋል። ጂንካ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የቋንቋው ባለቤቶችም እዚያው ናቸው። እንቅፋቱ ሌላ ነው። ብዙዎቹ የርካሽ ታብሌት አምራቾች በፈቃዱ የመግለጽ ግዴታ ያለባቸውን የሊኑክስ ከርነል ኮድ ደብቀው ይይዛሉ። ስለዚህ ለውሸት የሚከፈተው በር ለአሪኛ ሲሆን ይቆለፋል።

አያና ብሩ ፈቃድ አልጠበቁም። የወንጪ ልጆችም አልጠበቁም። ልጁ የጥገናውን ሒሳብ ተቀብሎን ወደሚቀጥለው ስልክ ዞረ፤ "ሶፍትዌር እንጭናለን" የሚለው ወረቀት ከኋላው ተለጥፏል። የተጻፈው በአማርኛ ነው።